የትናየትና የሊማሊሞዋ ሰማያዊ አበባ

የትናየት የመሪጌታ ሕሩይ ልጅ ናት፤ ዳባት ተወልዳ ያደገች። አባቷ የቅኔ መምህር ነበሩና ፊደል አስቆጥረው ዳዊት አስደገሟት። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ግን ከሰሜን ተራራ፣ ጊች ላይ ድንኳን ተክለው ዕፅዋት ለሚያጠኑ የዩኒቨርሲቲ ሰዎች ወጥ ሠሪ ሆና ተቀጠረች።

የቡድኑ አለቃ አንድ ሽማግሌ መምህር ነበሩ። የለቀሙትን ሁሉ በጋዜጣ መካከል ዘርግተው፣ በሁለት ጣውላ ጠፍረው ያደርቁታል። የትናየት ሽንኩርት እየላጠች ታያቸዋለች። አንድ ቀን ረዳታቸው በብርድ ታሞ ተኛና፣ "ነይ እስቲ፣ ያዥልኝ" አሏት። በዚያው ቀረች። ቅጠሉን ሳይታጠፍ መዘርጋት፣ ጋዜጣውን በየቀኑ መቀየር፣ የተለቀመበትን ቀንና ቦታ መጻፍ ለመደች። "የአበባውን ቀለም ያልጻፍሽ እንደሆነ፣ ሲደርቅ ሁሉም ድርቆሽ ነው" ይሏት ነበር። በሁለት ወራቸው ሲሄዱ አንዱን ጥንድ ጣውላ ትተውላት ሄዱ። ዳግመኛ አላየቻቸውም።

በዓመቱ ደባርቅ ለሚኖር ደርቤ ለሚባል የእህል ነጋዴ ተዳረች። ደርቤ ክፉ ሰው አልነበረም። አንድ ጠዋት ግን እናቱ ወይዘሮ በለጠች ቤት ሲጠርጉ ጣውላውን ከአልጋ ሥር አገኙት። ቢፈቱት የደረቀ ሥር ከነቅጠሉ ተኝቷል፤ ከጎኑ ጽሕፈት አለበት።

"ምንድን ነው ይሄ?" አሉ።

"ጦስኝ ነው፣ እማማ።"

"ጦስኝማ ወጥ ውስጥ ነው የሚገባ። ከልጄ አልጋ ሥር ምን ይሠራል?"

ሳምንት ሳይሞላ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። የመሪጌታ ልጅ ቅጠል በጣሽ ናት፤ ከአባቷ መጽሐፍ ሰርቃ የተማረችው ነው ተባለ። ልጅ አለመውለዷም በዚያው ተተረጎመ። ደርቤ ሦስት ወር ታገሠና አንድ ቀን ዓይኗን ሳያይ፣ "አቃጥይውና ይብቃ" አላት። እሳቱ ዘንድ ይዛው ሄደች። እጇ እንቢ አላት። በማግስቱ ሳጥኗን ተሸክማ ወጣች።

ከከተማው ዳር አንዲት ክፍል ተከራይታ፣ በአንድ ትምህርት ቤት ጽዳት ሠራተኛ ሆነች። የሰፈሩን ሴቶች ማኅበር አስገቡኝ ብትላቸው "ሞልቷል" አሏት፤ በወሩ ሌላ ሴት ሲያስገቡ አየች። ከዚያ ወዲያ ሰው አልጠየቀችም። ሥራ በሌላት ቀን ማልዳ ትወጣለች፤ በአስታው ቁጥቋጦ ውስጥ ለውስጥ፣ ገደል ለገደል ስትል ትውላለች፤ የለቀመችውን ማታ በጣውላዋ ጠፍራ ታደርቃለች። ሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ ኖረች። ወረቀቱ ሺህ ሲሞላ እንኳ አንድ ሰው "እስቲ አሳይኝ" ብሏት አያውቅም።

ከአራት ዓመት በፊት ሠርካለም የምትባል ወጣት ተመራማሪ ደባርቅ መጣችና ዕፅዋት የሚያውቅ ሰው ጠየቀች። እየሳቁ የትናየትን ጠቆሟት። ቤቱ ያለው አንድ በርጩማ ነበር፤ ሠርካለም መሬት ላይ ተቀምጣ ወረቀቱን አንድ በአንድ ስታገላብጥ አመሸች። አንዱ ላይ ስትደርስ ቆመች።

"እትዬ፣ ይቺን ከየት አገኟት?"

"ሊማሊሞ፣ ከምንጩ በላይ ካለው ገደል። ሰማያዊ ነበረች፤ ስትደርቅ ነው እንዲህ የነጣች።"

"እኔ አላውቃትም" አለች ሠርካለም።

የተማረ ሰው እንዲህ ሲል የትናየት ሰምታ አታውቅም ነበር። ወረቀቱን ሰጠቻት።

በስምንተኛው ወር ስልክ ተደወለ። "አስተማሪዎቼም አላወቋትም፣ እትዬ። ከተመዘገቡት ከአንዳቸውም ጋር አልገጠመችም። ግን በአንድ ወረቀት ብቻ ስም ማውጣት ይከብዳል፤ ፍሬዋንም ማየት አለብን።"

የትናየት በማግስቱ ሄደች። ወደዚያ ከወረደች አሥራ አንድ ዓመት ሆኗት ነበር። ገደሉ የለም። መንገዱ ሲሰፋ ተቆርጦ ወርዷል፤ ምንጩም በቱቦ ገብቷል። ሌላ ቦታ ትኖር ይሆናል ብላ ሦስት መስከረም ቋጥኙን ሁሉ አሰሰች። ከገበያ የሚመለሱ ሴቶችን፣ "ሰማያዊ፣ አምስት ቅጠል ያላት አበባ አላያችሁም?" ብትላቸው እርስ በርስ ተያይተው አለፏት። በሦስተኛው ዓመት ለሠርካለም ደወለች።

"የለችም፣ ልጄ። የመጨረሻዋን የነቀልኳት እኔ እሆን?"

ሠርካለም፣ "ባይነቅሏት ኖሮ መኖሯንም የሚያውቅ አልነበረም" አለች። እውነት ነው፤ የትናየትን ግን አላጽናናትም።

ባለፈው ጥር ሠርካለም ጠርታት አዲስ አበባ ሄደች። የደረቁ ዕፅዋት በሚቀመጡበት ቤት አንድ ቁም ሣጥን ተከፈተላት። አበባዋ በነጭ ካርቶን ላይ ተለጥፋለች፤ ከሥሯ "ስሟ ገና ያልታወቀ፤ ሰብሳቢ የትናየት ሕሩይ" ይላል። ሠርካለም ለጥቂት ጊዜ ብቻዋን ተወቻት። የትናየት ደጋግማ አነበበችው። አባቷ በሕይወት ቢኖሩ ብላ አሰበች፤ ከእሳቸው ሌላ የምትነግረው ሰው ፈልጋ አጣች።

ስትመለስ አውቶቡስ ላይ ከጎኗ አንዲት ባልቴት ተቀመጡ።

"ከየት ትመጫለሽ፣ እቴ?"

"ዘመድ ጠይቄ መምጣቴ ነው።"

"ደኅና ናቸው?"

"ደኅና ናቸው" አለች የትናየት። ባልቴቷ ዳቦ ቆርሰው ሰጧት፤ እየበላች በመስኮቱ ውጭ ውጩን ታይ ጀመር።