የሌለ ፈቃድ አይነጠቅም

እኛ ልጅን ለመምህር አስረክበን በሩን የምንዘጋ ሰዎች ነን። አባቴ ታላቅ ወንድሜን ቄስ ትምህርት ቤት ያስገባው ቀን የኔታን «ዓይኑን ብቻ ይጠብቁልኝ፣ ሌላውን እንደፈለጉ ይቅጡት» ብሏቸው፣ ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ ነው የተመለሰው። መምህር ሲያስተምር ቆሞ ማየት ነውር ነው። «ማን አስተማረሽ? የት ተማርሽ?» ብሎ መጠየቅማ ጭራሽ ብልግና ነው። ይህንን ሁሉ ሲያትል ድረስ ይዤው መጥቻለሁ፤ ማንም ጣይው አላለኝም።

ልጄ ኦቲዝም አለባት የተባለችው አራት ዓመት ሊሞላት ሲል ነው፣ በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ መጨረሻ ላይ። ያኔ ቢከን ሂል የሚባል ሰፈር ነበር የምንኖረው። ባለቤቴ ታክሲ ይነዳል፣ እኔ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ እሠራለሁ። ልጄ ቃል አልነበራትም፤ እጅ ግን ነበራት። ደስ ሲላት ሁለቱን እጆቿን ታርገበግባቸዋለች። ስትከፋ ፊቴን በመዳፏ ትሸፍነዋለች። ምግብ ሲቀርብ ደግሞ ጠረጴዛውን ዞራ ትመጣና የእጄን አንጓ ጥርቅም አድርጋ ይዛ ጉርሻዋን ትቀበላለች። ከዚያ ተራው የሷ ነው፤ ከሳህኑ ቆንጥራ፣ ግማሹን ቀሚሴ ላይ አፍስሳ፣ ታጎርሰኛለች። ካላጎረሰችኝ ሁለተኛውን አትበላም። ሐኪሞቹ «ከሰው ጋር አትግባባም» ብለው ሲነግሩኝ ሆዴ ይስቅ ነበር። እናንተ አብራችኋት ስላልበላችሁ ነው እላለሁ በልቤ።

እንግዲህ የባህርይ ሕክምና ያስፈልጋታል ተባለ። አንድ ድርጅት ሴትዮ ላከልን። ቢሄቪየር አናሊስት፣ የባህርይ ባለሙያ፣ ነኝ አለችን። ድምጿ ለስላሳ፣ ፀጉሯ የተስተካከለ፣ አንድ ቦርሳ ሙሉ መጫወቻ ይዛ የምትመጣ ሴት ነበረች። እኔ «ቲቸር» ነበር የምላት። ምሳ ሳላበላት አስወጥቻት አላውቅም። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ነገር ጠየቀችኝ። አንደኛ፣ እናት ካለች ልጅ አይማርም፣ ስለዚህ በሩን ዝጊልን። ሁለተኛ፣ ሹካ እስክትለምድ ድረስ በእጅሽ አታጉርሻት። የመጀመሪያው አልከበደኝም፤ አባቴም ያደረገው ይህንኑ ነው። ሁለተኛው ከበደኝ፤ ግን የተማረ ሰው ያለውን ማን ይሽራል ብዬ እሺ አልኩ። ዐቢይ ጾምም ነበር፣ እኔም ለሴትዮዋ ምሳ አቅርቤ እወጣና፣ ድርብ ፈረቃ ይዤ የማመሸው ሥራ ላይ ነው። ጊዜው እንደዚያ አለፈ።

ልጄ መለወጧን ሰው ሁሉ አየ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መሮጥ ተወች። ሱቅ ስንገባ እቃ መወርወር ቀረ። «እሰይ! እግዚአብሔር ሰማሽ» አሉኝ። እኔም እልል ማለት ነው የቀረኝ።

የፋሲካ ዕለት ዘመድ ወዳጅ ቤታችን ተሰብስቦ፣ ምግቡ ቀርቦ፣ «በሉ እስኪ፣ መጀመሪያ ለልጄ» ብዬ እንቁላል ያለበት ትልቅ ጉርሻ ጠቅልዬ ወደ አፏ አቀረብኩላት። ሮጣ ትመጣለች ብዬ ነበር። ልጄ ሁለቱን እጆቿን ጭኖቿ ሥር ከተተች። ከንፈሯን ገጠመች። እንባዋ ያለ ድምፅ ዝርግፍ አለ። ልጅ ሲያለቅስ ይጮሃል፤ የኔ ልጅ ድምፅ አልነበራትም፣ ጉንጯ ብቻ ይረጥባል። እጄ አየር ላይ ቀረ። ባለቤቴ «ጠግባ ይሆናል» አለ። ምን ጠግባ! ገና አልጀመረችም።

የሚቀጥለው ትምህርት ቀን ከሥራ ቀረሁና በሩን ሳላንኳኳ ከፈትኩት። ሴትዮዋ የልጄን ሁለት አንጓዎች በአንድ እጇ ይዛ ጠረጴዛው ላይ ተጭናቸዋለች። በሌላው እጇ ቁራሽ ዳቦ ከፍ አድርጋ ይዛለች። «ኳይት ሃንድስ» ትላታለች፤ እጅሽን አታንቀሳቅሺ ማለት ነው። ድምጿ ያው ለስላሳው ድምፅ ነው። ልጄ እጇን ልታስለቅቅ ስትታገል ዳቦው ይርቃል፤ ስትደነዝዝ ዳቦው ይቀርባል። በሬ ካራጁ ይውላል ይባላል። የኔዋ ጥጃ ከአራጇ ጋር ስትውል እኔ ምሳ አቀርብ ነበር።

«ልቀቂያት!» አልኩ በአማርኛ። ሴትዮዋ ሳትደነግጥ ቀና ብላ አየችኝ። «ፕሮግራሙ ነው፣ ጥሩ እየሄደ ነው» አለች። ከዚያ በኋላ ያልኩትን ሁሉ አላስታውስም፤ ጎረቤት ሰምቶታል። መጫወቻዋን ከነቦርሳው በረንዳ ላይ አሽቀነጠርኩት። ልጄ ያን ሁሉ ጩኸት ስጮህ እጆቿን ጭኖቿ ሥር እንዳደረገች ቁጭ ብላ ጠበቀችኝ።

ድርጅቱ ጋ ደወልኩ። ሥራ አስኪያጁ «በጣም አዝናለሁ፣ በውስጥ እናጣራለን» አለኝ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም፤ እሱ ራሱ የቀጠራትን ምን ብሎ ያጣራል? ወደ ሰፈራችን ትምህርት ቤት ደወልኩ፤ የኛ ሠራተኛ አይደለችም አሉ። ኢንሹራንሱ ድርጅቱን አናግሪ አለኝ። በመጨረሻ የጤና ባለሙያ ፈቃድ የሚሰጠው የስቴቱ፣ የክፍለ ግዛቱ፣ ቢሮ ውስጥ አንዲት ደግ ሴት አነሳችልኝ። ሁሉንም ነገርኳት። አላቋረጠችኝም።

«የፈቃድ ቁጥሯን ታውቂያለሽ?» አለችኝ።

«አላውቅም።»

«ኦኬ። ችግሩ፣ በኛ ስቴት ለዚህ ሥራ ፈቃድ የሚባል ነገር የለም። እኛ ቅሬታ የምንቀበለው ፈቃድ ባለው ሰው ላይ ነው።»

«የሌለውስ?»

«የሌላትን ምን እንነጥቃታለን የኔ እመቤት?»

ስልኩን ዘግቼ እጆቼን አየሁ። ሬኒየር መንገድ ላይ ጥፍር የምትሠራልኝ ልጅ ፎቶዋ ያለበት ፈቃድ ግድግዳዋ ላይ ሰቅላለች። ጥፍሬን ብታቆስለው የምከሳት ቦታ አለኝ። የልጄን እጅ ለገደለችው ሴት ግን አቤት የሚባልበት ደጅ የለም። ያን ቀን አንድ ነገር ብቻ ፈለግኩ፤ አንድ ሥልጣን ያለው ሰው ይችን ሴት ፊት ለፊት ጠርቶ «ይህን ማድረግ አልነበረብሽም፣ ከእንግዲህ ልጅ አትነኪም» እንዲላት። ሌላ ምንም አልፈለግኩም።

እንደኔ የተቃጠሉ እናቶች እንዳሉ ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው። ፈቃድ የሚሰጥ፣ ቅሬታ የሚሰማ፣ ከድርጅቶቹም ከማንም ነፃ የሆነ ቦርድ ይቋቋም ብለው የሕግ ረቂቅ ይዘው የስቴቱ ምክር ቤት ያለበት ኦሎምፒያ ይመላለሱ ነበር። አብሬያቸው ገባሁ። ዝናብ በዝናብ ሆኖ፣ በአንዲት ቬትናማዊት እናት መኪና፣ አይ ፋይቭ አውራ ጎዳናን ይዘን ስንት ጊዜ ወረድን! እሷ ስትነዳ ታለቅሳለች፣ እኔ መንገዱን አያለሁ። ቋንቋችን ባይገናኝም ልጆቻችን አገናኝተውናል።

የምክር ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ሙሉ ልብስ የለበሱ ሰዎች በየተራ ተናገሩ። አንዱ የድርጅቶቹ ተወካይ ለብቻው ቦርድ አያስፈልግም፣ እኛ ዘንድ ይሁንና እኛው እንቆጣጠራቸው አለ። ሌላው ሕጉ ሠራተኛ ያሳንሳል፣ ልጆች ወረፋ ይጠብቃሉ አለ። እውነቱን ነበር፤ ወረፋውን አውቀዋለሁ። የኔ ተራ ሲደርስ የተሰጠኝ ጊዜ ሳል ቢይዘኝ የሚያልቅ ነው። ያዘጋጁልኝን ወረቀት ተውኩት። በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ፣ እኛ ዘንድ ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል አልኳቸው። ዳኛው ከድርጅቶቹ ደሞዝ የሚበላ ከሆነ ለልጄ አይጮህላትም። ከዚያ እጆቼን ጭኖቼ ሥር ከተትኩና፣ ልጄ ምግብ ስታይ የምታደርገው ይህንን ነው አልኩ። አንዲት አሮጊት የምክር ቤት አባል መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። አመሰገኑኝ። ቀጥሎ ስለ አሣ ማጥመጃ ወደብ ተነጋገሩ።

ረቂቁ ወደቀ፣ ተነሳ፣ ደግሞ ተቀየረ። ዓመታት ፈጀ። በመጨረሻ ሕጉ ወጣ። ነፃ ቦርድ ብለን ጠይቀን ያገኘነው ከቢሮ ሥር የሚሰበሰብ አማካሪ ኮሚቴ ነው፤ ግን ፈቃድ ግዴታ ሆነ፣ ቅሬታ የሚቀበል ሰውም ተገኘ። ማንም እናት የሠራተኛዋን ስም ስልኳ ላይ ጽፋ ፈቃዷን ማየት ቻለች። ባለቤቴ ያን ቀን ታክሲውን አቁሞ አበባ ይዞልኝ ገባ። በትዳራችን የመጀመሪያው አበባ ነው። እኔ ግን አበባውን ይዤ ልጄን ነበር የማያት። ኮረዳ ሆናለች። በሹካ፣ ቀጥ ብላ፣ አንድም ፍርፋሪ ሳትጥል ትበላለች። እንግዳ ሁሉ «እንዴት ያለች ጨዋ ናት!» ይላታል። አታርገበግብም። ፊቴን አትነካም። ከፋሲካው ወዲህ አጉርሳኝ አታውቅም። ስንት ምግብ ሠርቼ፣ ስንቴ አፌን ከፍቼ እንደ ሕፃን ጠበቅኳት! አንድ ጊዜ ባለቤቴ አይቶኝ ተነስቶ ወደ መኝታ ቤት ሄደ።

ያም ሆኖ ሕጉ ለሌሎቹ ደረሰ ብዬ ተጽናናሁ። ኦቲዝም ያለበት ልጅ ያላቸው የኛ ሴቶች ቅዳሴ ሲያልቅ ፓርኪንጉ ጋ ጎተት አድርገው በሹክሹክታ ይጠይቁኛል። ሕዝባችን ይደብቃል መቼም። እኔ ደግሞ ጮክ ብዬ ነው የምመልስላቸው። «ስልክሽን አውጪ! ጥሩ ናት፣ ደግ ናት የሚል የሰው ወሬ አትስሚ። ስሟን ጻፊ፣ ፈቃዷን እዪ፣ ክስ እንደሌለባት አረጋግጪ፣ ከዚያ በርሽን ክፈቺ» እላለሁ። ሴትዮዋን ራሷን ፈልጌያት አላውቅም። ያ ድርጅት ተዘግቷል፣ እሷም ስቴት ቀይራለች ተብዬ ነበር።

አንድ ሐሙስ ከከተማው ሰሜን ከሾርላይን ስልክ ተደወለልኝ። ፓርኪንጉ ላይ ከመከርኳቸው ወጣት እናቶች አንዷ ናት፤ ትንሽ ወንድ ልጅ አላት። ደስታዋ ከስልኩ ይወጣል። «እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ! ወረፋው ደረሰኝ። እንዳሉኝ አይቼ ነው የያዝኳት። ንጹሕ ናት፤ ሰኞ ትጀምራለች።»

«እሰይ የኔ ልጅ፣ ማን ትባላለች?» አልኩ።

ስሟን ነገረችኝ። ማውንት ቤከር ባቡር ጣቢያ አጠገብ መኪና እየነዳሁ ነበር፤ መልሼ እደውላለሁ ብዬ ዘጋሁና ዳር ይዤ አቆምኩ። ከዚያ ስልኬ ላይ ጻፍኩት። ወጣች። ፈቃዷ የጸና። ቅጣት የለም። እርምጃ የለም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይላሉ። የኔው ጅብ አልሄደም፤ ፈቃድ አውጥቶ ተመለሰ።

መልሼ ደወልኩላት። ያቺው እሷ ናት፣ የልጄን እጅ የያዘችው፣ በርሽን እንዳትከፍቺላት አልኳት። ወጣቷ እናት በአክብሮት፣ እንደ ታናሽ፣ «እትዬ፣ ያኔ ሕግ ስላልነበረ ይሆናል እኮ። አሁን መንግሥት መርምሯታል። ደግሞ ወረፋውን ካለፍኩት መቼ እንደሚደርሰኝ እንጃ። የሰው ወሬ አትስሚ ያሉኝም እርስዎ ነዎት» አለችኝ። ስድብ አልነበረም፤ ከልቧ ነው። የልጄ ነገር የሰው ወሬ ሆነ።

በማግስቱ ቢሮው ጋ ደወልኩ። ያነሳልኝ ልጅ ትሑት ነበር። ነገሩ የሆነው ከሕጉ በፊት ስለሆነ ሊያዩት አይችሉም። ያኔ ፈቃድ አልነበራትም፣ ስለዚህ የጣሰችው ፈቃድ የለም። በጣም አዝናለሁ አለኝ። እኔም ልጁን አመሰገንኩት፤ ምን ላርገው?

ሰኞ ከሥራ ቀርቼ ሾርላይን ሄድኩ። ምን ልል እንደሆነ ሳላውቅ ከወጣቷ እናት በር ፊት ቆምኩ። ውስጥ ልጁ ሲስቅ ይሰማል። መኪና መጣ፣ ቆመ፣ ሴትዮዋ ቦርሳዋን ይዛ ወረደች። ትንሽ ሸብታለች። ለዓመታት ስለሷ የተናገርኩትን ሁሉ ፊቷ ላይ ልዘረግፈው ነው። አጠገቤ ስትደርስ ፈገግ አለች። አላወቀችኝም።

«የልጁ አያት ነሽ?» አለችኝ በዚያ ለስላሳ ድምጿ።

ቦርሳዋን የያዙትን እጆቿን አየሁ። ልጅቷ በሩን ከፈተች። እኔን ስታይ ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች። «ይግቡ ቲቸር» አለቻትና አስገባቻት። ከዚያ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።