ድህነትዎን በማኅተም ያምጡ

ይህን ነገር የነፍስ አባቴም አያውቁትም። ስንት ጊዜ ፊታቸው ተንበርክኬ ጾም መሻሬን፣ ሰው ማማቴን ተናዘዝሁ፤ ይህን ግን ዋጥሁት። አሁን ለማታውቀኝ ለአንተ ለአንባቢው እናገራለሁ። ፍታኝ አልልህም።

በጃንሆይ ዘመን እኔ ሰቆጣ ውስጥ የአንድ ክሊኒክ ጸሐፊ ነበርሁ። ክሊኒክ ያልሁት ሁለት ክፍል ቤት፣ መርፌ የሚወጋ አንድ ድሬሰርና እኔ ነን። በነጻ መታከም የፈለገ፣ ድሃ ስለመሆኑ ከአገሩ ጭቃ ሹም ማኅተም ያለበት ወረቀት ማምጣት ነበረበት። የተቀዳደደ ልብሱ አይበቃም። የአገረ ገዥው በቅሎ ጫኝ ሲያስለው ግን ወረቀት ጠይቄው አላውቅም።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሽማግሌ ልጃቸውን አበባን በቃሬዛ አሸክመው ከጽጽቃ መጡ። ሳንባ ምች ይዟት ትንፋሽ ያጥራታል። አማርኛ አይሞላላቸውምና በኽምጣኛ ለመኑኝ።

«ጌታዬ፣ ሁለት ቀን ተጉዘናል። ወረቀቱን ሄጄ አመጣለሁ፤ እሷ ብቻ ትወጋልኝ።»

እያንዳንዷን ቃል ሰምቻለሁ። እኔም የጽጽቃ ልጅ ነኛ! አፌን የፈታሁት በኽምጣኛ ነው። ግን ድሬሰሩ የከተማ ሰው ነው፤ ኽምጣኛ ሲሰማ ይስቃል፤ እኔም አብሬው እስቅ ነበር። እንዳልገባኝ ሆኜ በአማርኛ «ድህነትዎን በማኅተም ያምጡ» አልኋቸው።

ከዚህ የባሰም አለ። ክሊኒኩ ሐሙስ እንዲዘጋ፣ መድኃኒቱም ወደ ትልቁ ከተማ እንዲሄድ መታዘዙን አውቅ ነበር። ደብዳቤውን የተቀበልሁት እኔ ነኝ። ጽጽቃ ደርሶ መመለስ ስንት ቀን እንደሚፈጅ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? አውቄ ላክኋቸው። ምን አገኘሁበት? ምንም!

ሽማግሌው ልጃቸውን ከተሸካሚዎቹ ጋር በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥላ ሥር ትተው በእግራቸው ተመለሱ። ሐሙስ መድኃኒቱ በበቅሎ ተጭኖ በአበባ ፊት አለፈ። የፔኒሲሊኑን ሳጥን አንስቼ የጫንሁት እኔ ነኝ። ዓርብ ሞተች፤ እዚያው ተቀበረች።

ባለጸጋው በቅሎውን አስጭኖ መድኃኒቱን ይከተላል፤ ድሃው ወዴት ይሂድ? ያን ክሊኒክ ዝጉ ያሉት ሰዎች አንድ ቀን ቃሬዛ ተሸክመው ያውቃሉ? ዛሬም ያንገበግበኛል። ግን በእነሱ ላይ በጮህሁ ቁጥር ከራሴ የማመልጥ ይመስለኛል። እነሱ አበባን አላዩዋትም፤ እኔ አይቻታለሁ።

እሑድ ሽማግሌው መጡ። ልጃቸው ዘንድ እንኳ ሳይሄዱ በቀጥታ ወደ ክሊኒኩ ነው የመጡት። ቁልፉን ይዤ በተዘጋው በር ላይ ቆሜ ነበር። ጋቢያቸውን አደግድገው ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። በሬ ካራጁ ይውላል ይባል የለ! ያን ጊዜ አማርኛው ከአፌ ጠፋ።

በኽምጣኛ «አባቴ፣ ሞታለች» አልኋቸው።

አላለቀሱም። መጀመሪያ ፊቴን ትኩር ብለው አዩት። ጌታዬ ሲሉኝ የነበሩት ሰው «ለካስ የኛው ልጅ ነህ» አሉኝ። ከዚያ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄዱ።

ወረቀቱ ዛሬም እኔ ዘንድ አለ። ደንቡ ነው፣ ታዝዤ ነው፣ ወጣት ነበርሁ አልልም። ሰምቼ ነበር። ሁሉንም ሰምቼ ነበር።