ዋጋው ያልጨመረው ሳሙና

ባለሱቆቹ ሁሉ የሚያውቁት «ጋሼ ስንት ገባ» በሚል ስም ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ዋጋ ሰብሳቢ ሆኖ ሠርቷል። ወር በገባ በአምስተኛው ቀን ከነዚያው ሱቆች ደጃፍ ይቆማል፤ ስለዚያው ዕቃ፣ በዚያው ሚዛን፣ ያንኑ ጥያቄ ይጠይቃል፦ «ስንት ገባ?» መልሱን ቅጹ ላይ ይሞላል። ቅጹ ቢሮ ገብቶ ከሺህ ቅጾች ጋር ይደመራል፤ በመጨረሻም ግሽበቱ ይህን ያህል ሆነ፣ ኢኮኖሚው በመጪው ዓመት ይህን ያህል ያድጋል ተብሎ በሬዲዮ ይነገራል።

ሚስቱ በሕይወት ሳለች ዜናውን የምትሰማው ወጥ ቤት ውስጥ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። «ግሽበቱ ይቀንሳል» ሲባል ቢላዋው ቀጥ ይላል።

«እንግዲህ ወደ ድሮው ሊመለስ ነው?»

«ኧረ አይደለም። የሚጨምርበት ፍጥነት ይቀንሳል ነው እንጂ ዋጋው አይመለስም።»

«እና ምኑን ቀነሰ ታዲያ! ይህን ሁሉ ዘመን ስትዞር አንድ ቀን እንኳ ደስ የሚል ነገር ይዘህ አትመጣም?»

ይዞ የሚመጣውስ ነበረው። ዙሩን ሲጨርስ ከማዕዘኗ ሱቅ ቅጠል የታተመበት አረንጓዴ ሳሙና ይገዛላታል። በቅጹ ሠላሳ አንደኛው መስመር ላይ ያለ ዕቃ ነው። እሷ ከዚያ ሌላ ሳሙና አትነካም፤ አንገቷም የትራስ ልብሱም የሚሸተው እሱን ነበር።

አምና አረፈች። በአራተኛው ወር ሳሙናው ከገበያ ጠፋ። «ፋብሪካው ጥሬ ዕቃ ተወዶበት ተዘጋ አሉ» አለችው ባለሱቋ።

ደንቡ ግልጽ ነው። ዕቃ ሲጠፋ ለሁለት ወር የቀድሞ ዋጋው ይያዝለታል፤ በሦስተኛው ወር ይሰረዝና ምትክ ይፈለግለታል። ይህን ለአዲስ ሠራተኞች የሚያስተምረው እሱ ራሱ ነው። ሦስተኛው ወር ሲደርስ ግን እጁ እምቢ አለው። «ምናልባት በሚመጣው ወር ይገባ ይሆናል» ብሎ የድሮውን ዋጋ ጻፈ። በአራተኛውም ጻፈ። በስምንተኛውም።

ተቆጣጣሪዋ እሱው ያሠለጠናት ልጅ ናት። አንድ ጠዋት ጠረጴዛዋ ዘንድ ጠራችው።

«ጋሼ፣ ባገሩ ሁሉ አልወደድም ያለ ብቸኛ ዕቃ አገኘሁ።»

«ምንድን ነው?»

«የእርስዎ ሳሙና ነዋ! ስምንት ወር ሙሉ አምስት ሳንቲም አልጨመረም። የሚሸጥበትን ያሳዩኝና በካርቶን ልግዛ።»

ሳቀች። እሱ ሳይስቅ ሲቀር ሳቋን ዋጠችው።

«ጠፍቷል» አለ። «የለም።»

«ታዲያ ምትኩን ለምን…»

«የሷ ሳሙና ነበር።»

የተስተካከሉትን ወረቀቶች እንደገና አስተካከለች። «የመጪው ዓመት ትንበያ ሐሙስ ይወጣል» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «አንድ ሳሙና አገር አያፈርስም። ግን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ያለፉትን ወራት እኔ አርማለሁ፤ መስመሩን ግን እኔ አልሰርዝብዎትም።»

ከሰዓት በኋላ ወደ ማዕዘኗ ሱቅ ሄደ። ባለሱቋ ገና ስታየው «አልገባም» አለች፣ በየወሩ እንደምትለው።

«አውቃለሁ። ሰው አሁን የሚገዛው የቱን ነው?»

አንድ ቢጫ ሳሙና አወረደችለት። «ይሄን ነው። ሽታው እንኳ… ይለመዳል ጋሼ።»

አሸተተው። ሎሚ ሎሚ ይላል።

«ስንት ገባ?»

ነገረችው። የአረንጓዴውን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ቅጹን ባንኮኒው ላይ ዘርግቶ ሠላሳ አንደኛውን መስመር በማስመሪያ ሰረዘ፤ ከሥሩ አዲሱን ዋጋ ጻፈ። እስክሪብቶውን ከኪሱ ከከተተ በኋላ «እስቲ አንድ ስጪኝ» አላት።

ሐሙስ ምሳ ሊበላ እጁን ሲታጠብ ሬዲዮው ትንበያውን ጀመረ። ኢኮኖሚው ያድጋል፣ ግሽበቱም ይቀንሳል አለ። ቢጫው ሳሙና በእጁ ነው። ከመታጠቢያው ዳር ካለው ሳህን ላይ የአረንጓዴው ቅሪት አለ፤ ቅጠሉ ጠፍቶ፣ ሳስቶ፣ በመሃል ተሰንጥቆ። ውሃ አያስነካውም።

ቧንቧውን ዘግቶ ወደ ወጥ ቤቱ ጆሮውን ሰጠ።

«አይመለስም» አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው።