ሚኒባስ ውስጥ ያስጮኸኝ የሕይወት ታሪክ

ዛሬ ከጂንካ ወደ ዲመካ ስሄድ ሚኒባስ ውስጥ «እሷም እንደኔ ናት!» ብዬ ጮኽኩ። ሹፌሩ ደንግጦ ፍሬን ያዘ።

ሳነብ የነበረው በጣም የምወዳትን አሜሪካዊት ልብ ወለድ ጸሐፊ ሕይወት የሚያስተዋውቅ ትንሽ መጽሐፍ ነው። ለካ እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋዋ አይደለም! የተማረችው ትምህርት ቤት ገብታ ነው፤ አፏን በከፈተች ቁጥር ልጆቹ ይስቁባት ነበር።

እኔም ያደግኩት ቤት ውስጥ አሪኛ እያወራሁ ነው። በአማርኛዬ ብዙ ተስቆብኛል። (አሁንም ስናደድ ወንዱን «አንቺ» እላለሁ።)

ከጎኔ የተቀመጡ እናት «ምነው ልጄ፣ ሰው ሞተብሽ እንዴ?» አሉኝ።

ነገሩን ስነግራቸው «ታዲያ እሷ ካላፈረች አንቺን ምን ያሳፍርሻል?» አሉ።

አንድ ጓደኛዬ ቅዳሜ ጂንካ ላይ በሚያዘጋጀው የንባብ ዝግጅት የጻፍኩትን አጭር ልብ ወለድ እንዳነብ ለምኖኝ ነበር። «አነጋገሬ ያስቃል፤ ሌላ ሰው ያንብብልኝ» ብዬ እምቢ አልኩት። ዛሬ እዚያው ሚኒባስ ውስጥ ደወልኩለት።

«ራሴ ነኝ የማነበው!»

«እውነትሽን ነው? በቃ፣ መክፈቻው ያንቺ ነው!» አለኝ።

ልቤ እስካሁን ይዘላል።

እናንተስ፣ የምትወዱትን ደራሲ ሕይወት አንብባችሁ «ለካ እኔም እችላለሁ» ያላችሁበት ቀን አለ? ጻፉልኝ እስቲ፤ እስከ ቅዳሜ ብዙ ድፍረት ያስፈልገኛል።