የሐጂ ሁሴን ማጫወቻ የሚያጉረመርምበት ሰዓት

ሥራ በጀመርኩበት ቀን ባሻ ወልዴ በእጄ የሰጡኝ መሣሪያ የውሃ ጆግ ነው። እኔ ካቻቪቴ እጠብቅ ነበር፤ ቢያንስ ፒንሳ። እሳቸው ግን ከሱቁ ጀርባ የተደረደሩትን የመኪና ባትሪዎች አሳይተው፣ «ክዳኑን ክፈት፣ የተጣራ ውሃ ሙላ፣ ዝጋ፣ ቻርጅ ላይ አድርግ» አሉኝ። ወደ ቤት ስመለስ ሱሪዬን አሲድ በልቶት ጉልበቴ በቀዳዳ ይታይ ነበር። እናቴ ሳቋን መቆጣጠር አልቻለችም።

ጊዜው በሃምሳዎቹ አጋማሽ ነው፤ ቦታው ነገሌ። ባሻ ከጦሩ የመገናኛ ክፍል በጡረታ የወጡ ሰው ነበሩ። ሬዲዮ መጠገኛ ከፍተው ሱቁን እንደ ጦር ሰፈር ያስተዳድሩታል። ማዕረጉ ሦስት ነው። የመጀመሪያው ባትሪ ሞይ፣ ሁለተኛው ቫልቭ የሚባሉትን የሬዲዮ አምፖሎችና ሽቦ በመለኪያ የሚፈትሽ ሞካሪ፣ ሦስተኛው ሊድና መበየጃ የሚይዝ በያጅ። በያጁ እሳቸው ብቻ ነበሩ። እኔ ሁለት ዓመት ባትሪ ሞላሁ፣ ሦስት ዓመት ሞከርኩ፤ መበየጃውን ግን ሲግል ከሩቅ ከማየት በቀር አልነካሁትም።

መበየጃው እጄ የገባው በሐጂ ሁሴን ምክንያት ነው። ሐጂ የከብት ነጋዴ ናቸው፤ ዘፈን ሲሰሙ ዓይናቸውን ጨፍነው የሚወዛወዙ ሰው። በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ዕቃ ሰበሰቡ። የእንግሊዝ አምፕሊፋየር ከናይሮቢ በሞያሌ በኩል አመጡ። ወደ አገሩ ከተመለሰ አንድ ጣልያን መካኒክ ላይ ወገባቸው የሚደርስ ሁለት የእንጨት ስፒከር ገዙ። የጀርመን ሸክላ ማጫወቻ ደግሞ ከአዲስ አበባ በጭነት መኪና፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ በሽንኩርት ጆንያ መሐል መጣላቸው።

ታላቅ ወንድማቸው ኦቦ ጂሎ ሜጋ ይኖራሉ። እሳቸው ቤት ያለው የአንድ ፋብሪካ ሥራ፣ ሬዲዮውም ሸክላውም በአንድ ሣጥን ያለ ነው። የወንድማቸውን ሦስት ዕቃ ሲያዩ፣ «ሁሴን፣ ሦስቱም የተለያየ ቋንቋ ነው የሚናገሩት፤ አንተ ደግሞ አንዱንም አትችልም» ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ነገሌን በሙሉ አዳረሰ። በመጪው እሑድ ደግሞ ተመልሰው ሊመጡ ነው።

ሰኞ ጠዋት ሐጂ ሱቃችን ገቡ።

«ባሻ፣ እሑድ ጂሎ ሲመጣ ይህ ነገር መዝፈን አለበት። ካልዘፈነ የጣልያኑን ሣጥኖች ለዶሮ ቤት አደርጋቸዋለሁ።»

ባሻ ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር ሐጂ ይዘውት የመጡትን የጀርመኑን ስፒና ጥቃቅን ጥርሶች ማየት አልቻሉም። ቢያቀርቡት አልሆነ፣ ቢያርቁት አልሆነ። በመጨረሻ መበየጃውን አነሡና ለእኔ ዘረጉልኝ።

«ታደሰ፣ እሑድ ሐጂን ካላሳፈርክ ይህ ያንተ ነው። ካሳፈርክ ጆጉ የት እንዳለ ታውቃለህ።»

ከሱቁ እስከ ሐጂ ቤት መሬት የረገጥኩ አይመስለኝም።

የጀርመኑ ስፒና አምስት ጥርስ አለው። የእንግሊዙ አምፕሊፋየር ያለው ለቀኝ አንድ፣ ለግራ አንድ ቀዳዳ ነው። ቆረጥኩ፣ የትኛው ሽቦ የቱ እንደሆነ በመለኪያ ለየሁ፣ በየድኩ። ድምፁ እንዲጠራ ትርፍ ኤሌክትሪክ ወደ አፈር የሚያወርድ የመሬት ሽቦ ያስፈልጋል ብዬ አንድ ክንድ ተኩል ብረት ከግድግዳው ውጭ በመዶሻ ቀበርኩና ሽቦውን በመስኮት አስገብቼ ከአምፕሊፋየሩ ጋር አሰርኩት። የጣልያኑ ስፒከሮች ሽቦ ሁሉም አንድ ቀለም ስለነበር አንደኛውን ሳላውቅ ገልብጬ አሰርኩ። መርፌውን ሳሳርፈው ዘፋኙ ከቤቱ ጀርባ የሚዘፍን መሰለ። የሐጂ ባለቤት አዴ ሎኮ የጓሮውን በር ከፍተው «ማነው?» አሉ።

ሽቦውን መልሼ ገለበጥኩት። ዘፋኙ መጥቶ ከፊታችን ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለ። ሐጂ አቀፉኝ፣ እኔም አቀፍኳቸው፤ ከብት ጠባቂዎቹ ሳይቀሩ ገብተው ጨፈሩ። እንዲህ ያለ ደስታ በሠርጌ ቀንም አላየሁም፤ ባለቤቴ ይህን እንደማታነብ ተስፋ አደርጋለሁ።

ከዚያ ዘፈኑ አለቀ። በዝምታው ውስጥ ስፒከሮቹ እንደተቆጣ በሬ ማጉረምረም ጀመሩ።

«ይህ ምንድነው?» አሉ ሐጂ።

«ይስተካከላል» አልኩ።

ረቡዕ ጥፋተኛው ለቤቱ መብራት የሚሰጠው ጀኔሬተር ነው ብዬ አራት ሰው አሸክሜ ቅጥሩ ጫፍ አስወሰድኩት። ሰባት ሰዓት ላይ ዝም አለ። ድል አደረግሁ ብዬ መሣሪያዬን ሰብስቤ ሄድኩ፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተመልሶ አጉረመረመ ብለው ጠሩኝ። ሐሙስ የጀርመኑን የኤሌክትሪክ ስፒና ገልብጬ ሰካሁ። ሰባት ሰዓት ላይ ዝም አለ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አጉረመረመ። ዓርብ የእንግሊዙን ቫልቮች አቀያየርኩ፤ ያው ሆነ። በሦስት ቀን አንድ ጀኔሬተርና ሁለት መንግሥት ከሰስኩ።

ሐሙስ ዕለት አዴ ሎኮ አጠገቤ መጥተው፣ «ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ይህ ነገር እኮ ሰው ሰግዶ ሲነሣ ዝም ይላል» ብለውኝ ነበር። «አዎ አዴ» አልኩና ወደ ቫልቬ ተመለስኩ። በሆዴ ስቄባቸዋለሁ።

ዓርብ ባሻ ሊያዩ መጡ። «የመሬት ሽቦውስ?» አሉ።

«እሱን ራሴ ነኝ የቀበርኩት ባሻ!» ብዬ በኩራት መለስኩ። አነጋገሬ አሳምኗቸው ሳያዩት ሄዱ።

ቅዳሜ ሐጂ አናጺ ጠርተው የዶሮ ቤቱን ሲያስለኩ አየሁ። የአምስት ዓመት ሥራዬ ወደ ጆጉ እየተመለሰ ነው። አዴ ሎኮ በርጩማ አመጡልኝ።

«መሣሪያህን አስቀምጥና ተቀመጥ። ዝም ብለህ ስማ።»

ተቀመጥኩ። ማጫወቻው ያጉረመርማል። የዙሁር፣ የቀትሩ ሶላት፣ ሰዓት ደረሰ። ሐጂና አራት ሠራተኞቻቸው ከግድግዳው ውጭ ባለው ድንጋይ ላይ እየተቀመጡ ውዱ አደረጉ፤ የእጃቸውና የእግራቸው ውሃ ሲወርድ ይሰማኛል። ማጉረምረሙ ቀነሰ። አምስተኛው ሰው ታጥቦ ሲነሣ ጸጥ አለ።

በመስኮት ዘልዬ ወጣሁ። የታጠቡበት ውሃ ወርዶ የተጠራቀመው እኔ የቀበርኩት ብረት ሥር ነው። መሬቱ ሲርስ ብረቱ ይሠራል፤ የነገሌ ፀሐይ ሲያደርቀው ያቆማል። ጀርመኑም እንግሊዙም ጣልያኑም ንጹሕ ናቸው፤ ጥፋተኛው እኔ ነኝ። ጭቃውን በሁለት እጄ አፍሼ እየሳቅሁ ቆምኩ። ሠራተኞቹ ፀሐይ የመታኝ መስሏቸው ጥላ ውስጥ ሊያስገቡኝ ጎተቱኝ።

«አዴ ሎኮ፣ ለነገ አንድ ባልዲ ውሃ ይስጡኝ፤ ብረቱን ላጠጣው ነው።»

ሴትዮዋ ፊታቸው ተለወጠ።

«ውሃ መጀመሪያ ሰው ይጠጣል፤ ከዚያ ጥጃ፤ ከዚያ ላም። ያንተ ብረት ስንተኛ ነው?»

«ከቤቴ አመጣለሁ።»

«የማንም ይሁን፣ እኔ ቅጥር ውስጥ ንጹሕ ውሃ መሬት ላይ አይደፋም። እጣቢ ከሆነ ግን ያንተ ነው።»

ከዚያ ራሳቸው መታጠቢያ ድንጋዩን ገፍተው ልክ ከብረቱ በላይ አደረጉልኝ።

ኦቦ ጂሎ ደግሞ በማይሆን ሰዓት ደረሱ። እሑድ አራት ሰዓት ነው። የንጋቱ ውዱ ከደረቀ ቆይቷል፤ ዙሁር ሩቅ ነው። ቤቱ በእንግዳ ሞልቷል፤ ባሻም ተጠርተዋል፤ ማጫወቻው ያጉረመርማል። ሐጂ በሩ ላይ ቆመው እኔን ያዩኛል። ኦቦ ጂሎ ከመኪና ሲወርዱ ከጥምጣማቸው እስከ ጫማቸው አቧራ ናቸው። እንዲህ የሚያምር አቧራ አይቼ አላውቅም።

ጆጉን ይዤ ፊታቸው ቆምኩ።

«አባ፣ የመንገድ አቧራዎን ይታጠቡ።»

ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። እጃቸውን አስታጠብኳቸው፤ ሰላምታውንም በኦሮምኛ ጀመርኩ፤ «ናጋ» ሰላም፣ «ሎን» ከብት ነው።

«ናጋ?»

«ናጋ።»

«ሎን ናጋ?»

«ናጋ።»

ከብቱን ጠየቅሁ፣ ጥጃውን ጠየቅሁ፣ ዝናቡን ጠየቅሁ፣ የእያንዳንዱን ልጅ ጤና ጠየቅሁ። ሰላምታ የሚያውቅ ሰው ስላገኙ ደስ ብሏቸው ፊታቸውን ታጠቡ፣ ክንዳቸውን ታጠቡ። አዴ ሎኮ ሁለተኛ ጆግ በእጄ አቀበሉኝ። ወደ እግራቸው ወረድኩ። የግራ እግራቸው ላይ ስደርስ ባሻ በመስኮት ብቅ ብለው እጃቸውን እስከ ጆሯቸው አነሡ። የወታደር ሰላምታ ነበር።

ኦቦ ጂሎ ገቡና እያሳሳቁ ጆሯቸውን ከጣልያኑ ሣጥን ጋር አጣበቁ። አዳመጡ። ወደ ሌላኛው ሄደው አዳመጡ።

«ሁሴን፣ ጠፍቷል እንዴ?»

ሐጂ መርፌውን አሳረፉት። ዘፋኙ ጆሯቸው ሥር ሲነሣ ኦቦ ጂሎ ወደ ኋላ ዘለው ጥምጣማቸው ወደቀ። ቤቱ በሳቅ ተናወጠ።

«እንዴት አድርገህ አስታረቅሃቸው?» አሉ ወደ እኔ ዞረው።

«የእርስዎ የእግር እጣቢ ነው ያስታረቃቸው» አሉ አዴ ሎኮ፣ ነገሩንም በኦሮምኛ ከመጀመሪያው አንሥተው ነገሯቸው። ኦቦ ጂሎ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ሲወጡ ግን እጄን ይዘው ወደ ጥግ ወሰዱኝና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«የእኔዋም ትንሽ ታጉረመርማለች። መታጠቢያዬን የት ላድርገው?»

ባሻ ወደ እኔ መጥተው ጆጉን ከእጄ ወሰዱ፤ ዳግመኛም አልሰጡኝም።

ከዚያ ወዲህ ሜጋም ወደራም ብዙ ቤት ገብቻለሁ፤ የማይገጥሙ የሚመስሉ ብዙ ዕቃዎች አገናኝቻለሁ። ካቻቪቴ ከማውጣቴ በፊት የቤቱን እመቤት «የሚጮኸው መቼ መቼ ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። ቀጥሎ ራሴ የሠራሁትን አያለሁ። የሌላ ሰው ዕቃ የምፈታው ከዚያ በኋላ ነው።