ቅድስቲቱ በራችን ላይ የቆመች ዕለት

መኪናዋን ያቆምኳት እኔ ነኝ። ይኸው ተናገርኩ። ማንያታ ሰፈር ውስጥ እስከ ዛሬ «ቅድስቲቱ አልሄድም ብላ ቆመች» እያለ የሚምል ሰው ሞልቷል፤ ይማል። ቁልፉን ያዞረችው ግን የኔው እጅ ናት፣ ግሪሷ እንኳ በቅጡ ያልታጠበች።

ያን ሰሞን ሞያሌ አብዳ ነበር። የሴቶቹ የካቶሊክ ገዳም የአንዲት ቅድስት አጽም ሊቀበል ነው ተባለ። ድሮ በሰው አገር በሽተኛ ስታስታምም ኖራ ያረፈች መነኩሲት ናት፤ አጥንቷ በመስታወት ሣጥን ሆኖ አገር ላገር ይዞራል። ማርሳቢት አድራ እኛ ዘንድ ግማሽ ቀን ብቻ ነው የምትቆየው። ካቶሊኮቹ ቢደሰቱ ደግ፤ የኛዎቹ ኦርቶዶክስ ባለሆቴሎች ነጠላቸውን አጥበው ሲያሰጡ ሳይ ግን ገረመኝ። ከዳበልና ከጎዶማ መንደሮች በየማታቱው፣ በየሚኒባሱ፣ ሰው ጎረፈ። ከወዲያኛው ሞያሌ፣ ከኢትዮጵያ በኩል፣ ኬላውን እየተሻገረ የመጣውማ ለጉድ ነው። እኔም እንቅልፍ አጣሁ፤ የኔ ምክንያት ግን እናቴ ነበረች።

እናቴ ወድቃ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ አልጋ ላይ ናት። ሐኪሙም «አርጅተዋል፣ አይጠገንም» ብሏል። ጾም የማትስት ኦርቶዶክስ ናት። ግን እኔ ሕፃን ሆኜ ልሞት ስል ያዳኑኝ የገዳሙ መነኮሳት ናቸው፤ የቅድስቲቱንም ሥዕል ያኔ ነው የሰጧት። ግድግዳዋ ላይ ከማርያም ሥዕል ዝቅ አድርጋ ሰቅላታለች። «የኛ አይደለችም እኮ» ስላት፣ «ኬላ የቆመው ለኛ ነው፤ ቅዱሳን ፓስፖርት አይጠየቁም» አለችኝ። ድንበር ላይ ያረጀ ሰው ሌላ ምን ይላል? የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ሣጥኑን በእጇ ዳስሳ ስለ እግሯ መለመን።

መድረሻው ነው የጠፋው። መኪና ላይ ከተነቀነቀች ሕመሙ ነፍሷን ያስታታል። «አራት ሰው አልጋሽን ተሸክሞ ገዳም ያድርስሽ» ብላት ተቆጣች።

«ሳልሞት በአልጋ ከተማ ልዙር? የጠላት መሳቂያ! እስከ በራችን አውጡኝ፤ ከዚያ ወዲያ የቀብሬ ቀን።»

ግትርነቴን ከማን እንደወረስኩ ይኸው ታወቀ።

እኔ ፉንዲ ነኝ፤ በዚህ በኬንያ በኩል መካኒክን እንዲያ ነው የሚሉት። የገዳሙን አሮጌ ፒክአፕ ጠባይ ከኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ስለዚህ አጽሙን ከከተማው መግቢያ ተቀብዬ በዝግታ እስከ ገዳሙ እንድነዳ የተመረጥኩት እኔ ነኝ። ይህን እንደሰማሁ በረርኩ ወደ ገዳሙ አለቃ። ከወላይታ የመጡ፣ አማርኛቸው የጠራ፣ ፊታቸው የማይፈታ ሲስተር ናቸው።

«ሲስተር፣ በራችን ላይ አምስት ደቂቃ ብቻ እንቁም።»

«ለአንድ በር ከቆምን ለሁሉም በር ልንቆም ነው፤ ቅዳሴው ያልፍብናል። እናትህን በጸሎት አስባቸዋለሁ።»

«በጸሎት ማሰቡንማ እኔም አስባታለሁ!» ብዬ በሩን በኃይል ዘግቼ ወጣሁ። ቁጣዬ አፍንጫዬ ላይ ነው፤ ምን ላድርግ።

የዕለቱ ዕለት ጠዋት ጎረቤት ጠርቼ የእናቴን አልጋ ቀስ ብለን ወደ በራፉ አወጣነው። ከአልጋው ፊት ሰው እንዳይቆም ድንጋይ ደረደርኩ። እናቴ ንጹሕ ነጠላዋን ለብሳ፣ «ሲያልፉ እንዳያቸው ነው?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት፣ ዓይኗን ሳላይ።

ከከተማው መግቢያ ስንነሳ እልልታው! አጽሙን ያመጡት ኬንያዊ አባ ከኋላ ጭነቱ ላይ ቆመው ሣጥኑን አቅፈዋል። ሲስተር አጠገቤ ተቀምጠዋል። ድምፅ ማጉያው በስዋሂሊ መዝሙር ያንባርቃል፤ ከመኪናዋ ባትሪ ጋር ያገናኘሁት ራሴ ነኝ። ቦዳ ቦዳዎቹ፣ ሰው የሚያመላልሱት ባለሞተሮች፣ ጡሩምባቸውን እየነፉ ከፊት፣ ሕዝቡ ከኋላ። መንገድ የሚያስከብሩት አስካሪዎች፣ ፖሊሶቹ፣ ሳይቀሩ ይስቃሉ።

በራችን ጋ ስንደርስ እናቴ አንገቷን ቀና ስታደርግ አየኋት። ቁልፉን አዞርኩት። ሞተሩ ጸጥ አለ።

«ምን ሆነች?» አሉ ሲስተር።

«እንጃ፣ ሲስተር» አልኩ። ውሸታም!

ያሰብኩት ወርጄ ኮፈኑን መጎርጎር፣ እግረ መንገዴንም አባን ተለማምጬ እናቴ ጋ ማድረስ ነበር። የኛን ሰዎች ረስቼ! አንዷ ባለሆቴል «አልሄድም አለች!» ብላ ጮኸች። በቃ። ታቦት በጥምቀት መንገድ ላይ አልሄድም ሲል የምናደርገውን ሁሉ አደረጉት። ሴቶቹ ተንበረከኩ፣ እልልታው ቀለጠ፣ ጥላ ተዘረጋ። ከመንገዱ ማዶ ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጠው ሙስሊም ጎረቤታችን እንኳ ላስቲኩ ያልወለቀ ምንጣፍ ከሱቁ እያንከባለለ መጣ፤ «እንግዳ አቧራ አይረግጥም» ብሎ። አባ ግራ ገብቷቸው ሲስተርን «ምንድን ነው የሚሉት?» አሏቸው።

ሲስተር ሳይወዱ በግድ ተረጎሙላቸው፦ «በዚህ በር ላይ ጉዳይ አላት ነው የሚሉት።»

አባ ዞር ሲሉ የእናቴን አልጋ አዩ። ሣጥኑን ይዘው ወረዱ።

እናቴ ሁለት እጇን መስታወቱ ላይ ጫነች። እኔ በሆዴ «እግሬን በያት፣ እግሬን በያት» እላለሁ። እሷ ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ከኔና ከሲስተር በቀር ማንም ሳይሰማት፣ «እናቴ፣ ልጄን ማሪልኝ። መኪናሽን ያቆመው እሱ ነው። እልኸኛ ነው እንጂ ክፉ አይደለም» አለች። አማትባ እጇን አነሳች። አለቀ።

ሲስተር ዞረው አዩኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ! ሮጬ ገባሁና ቁልፉን አዞርኩ። ቀጭ። ደገምኩት። ቀጭ። «ባትሪዋ ደክማለች፤ አንዴ ከተነሳች ቤቷ ሳትደርስ እንዳታጠፏት» እያልኩ ገዳሙን ሁሉ ሳስጠነቅቅ የኖርኩት እኔ፣ በዚያ ላይ ድምፅ ማጉያ የጫንኩባትም እኔ!

«አሁንስ የእውነት ነው?» አሉ ሲስተር።

«አሁንስ የእውነት ነው፣ ሲስተር።»

ከንፈራቸውን ነክሰው ሳቃቸውን ዋጡት። ያ የማይፈታ ፊት! «በል እንግዲህ፣ በእግራችን እንሄዳለን» አሉ።

ሄዱ። ምንጣፉ ከፊት እየተዘረጋ፣ ከኋላ እየተጠቀለለ፣ ጥላው ከአባ ራስ በላይ፣ የስዋሂሊው መዝሙርና የአማርኛው ጭብጨባ ተደባልቆ። እንዲያ ያለ ደስታ ሞያሌ ላይ አይቼ አላውቅም። እኔና እናቴ ከቆመችው መኪና ጋር ቀረን።

«ማን ነገረሽ?» አልኳት።

«ድንጋይ ደርድረህ ቦታ ስትይዝ ጊዜ ነዋ። ለሚያልፍ መኪና ቦታ ይያዝለታል እንዴ?»

«እግርሽስ? ዳግመኛ አትመጣም እኮ! ለምን አልለመንሻትም?» ጮህኩባት፤ በሷ ይሁን በራሴ የተናደድኩት እንጃ።

«ስለ እግሬ የምላትን ስንት ቀን ሳጠናው ሰንብቼ ነበር» አለች። «ሣጥኑን ስነካ አንተን አየሁህ፤ ላብ አጥምቆህ፣ ስትዋሽ። ሁሉም ጠፋኝ።»

አልጋዋ ሥር መሬት ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ማጅራቴን መታ አድርጋ፣ «ተነስ አሁን፣ የሰዎቹን መኪና ሥራላቸው» አለችኝ።