የቀጥቃጭ ልጅ ሽማግሌ ላከ

በዓባይነህ ቤት ግድግዳ ላይ አንድም ሚስማር የለም። አሌክሳንድሪያ ውስጥ ላንድማርክ በሚባለው ሰፈር፣ ከረጃጅሞቹ አፓርታማዎች በአንዱ ይኖራል። ትልቁ የሠርጉ ፎቶ ከነወርቃማ ፍሬሙ ግድግዳውን ተደግፎ ሶፋው ጀርባ መሬት ላይ ቆሟል፤ ቤት ሲቀይሩ አብሮ እየዞረ ሁልጊዜም መሬት ላይ ነው። ሚስቱ ጌጤነሽ መጀመሪያ ለመነች፣ ቀጥላ ተቆጣች፣ በመጨረሻ መሳቂያ አደረገችው። "የኔ ባል መኪና ይነዳል እንጂ ሚስማር መምታት አይሆንለትም" ትላለች እንግዳ በመጣ ቁጥር። እሱም አብሮ ይስቃል። ሰነፍ ቢሉት ቅር አይለውም፤ ከሰነፍ የከፋ ስም እንዳለ ያውቃል።

መዶሻ መያዝ አቅቶት እንዳይመስላችሁ። አያያዙን ሰው እንዳያይበት ነው። የተወለደው ከደብረ ብርሃን ማዶ በምትገኝ የገጠር መንደር ሲሆን፣ አባቱ ደሳለኝ ቀጥቃጭ ነበሩ። ማረሻው፣ ማጭዱ፣ መጥረቢያው፣ የቤተ ክርስቲያኑ በር ማጠፊያ ሳይቀር ከእሳቸው እጅ ነው የወጣው። አገሩ ሁሉ በደሳለኝ ማረሻ አርሶ ይበላል፤ ከደሳለኝ ጋር ግን አይበላም። እሳቸውና ቤተሰባቸው በመንገድ ሲያልፉ እናቶች ሕፃናቸውን በነጠላ ይሸፍናሉ፣ ቡዳ ናቸው፣ ዓይናቸው ይበላል ተብሎ። ዓባይነህ ወናፍ እያናፋ፣ በኋላም ከአባቱ ጋር እየተፈራረቀ ብረት እየመታ ነው ያደገው። ዛሬ አንዲት ሚስማር ቢመታ የሚያይ ሰው "ይህ ሰው ይህን የት ተማረው?" ይላል ብሎ ይሰጋል። ሚስማር በመምታቱ ዘሩ የታወቀበት ሰው ታይቶ አይታወቅም፤ ፍርሃት ግን ይህን አይሰማም።

በጉርምስናው ጠፍቶ አዲስ አበባ ገባ። "አባትህ ምንድን ናቸው?" ሲሉት "ገበሬ" አለ። አንዴ ካለ በኋላ ደሳለኝ ገበሬ ሆነው ቀሩ። ኋላ ዲቪ ደርሶት ዋሽንግተን ሲመጣ ገበሬውን ይዞ መጣ። ከጌጤነሽ ጋር የተዋወቁት አዳምስ ሞርጋን አንድ ምግብ ቤት ውስጥ አብረው ሲሠሩ ነው። ሽማግሌ አልላከም፤ የሷ ታላቅ ወንድም ጋሼ ልዑልሰገድ ያኔ አገር ቤት ስለነበሩ የሚላክበት ቤተሰብም አልነበረም። ዘር የጠየቀው ሰው የለም። "እዚህ አገር አጥንት የሚቆጥረው ሐኪም ብቻ ነው" ብሎ ተጽናና፤ ነገሩን ሆድ ይፍጀው ብሎ ተወው።

የሚያስቀው፣ የደሳለኝ ስም ከሱ ተለይቶ አያውቅም። ለሆቴል እንግዶችን ከኤርፖርት ያመላልሳል፤ ደረቱ ላይ ባለው ባጅ "ዓባይነህ ደሳለኝ" ይላል። ልጁ ሩሃማ አገር ቤት ብትሆን በሱ ስም ትጠራ ነበር፤ የአሜሪካ ወረቀት ግን የአያቷን ስም ሰጣት። ነርስ ናት፣ በየቀኑ ደሳለኝን ደረቷ ላይ ለጥፋ በሽተኛ ታክማለች። ሰውየው ምን ይሠሩ እንደነበር አታውቅም።

ይህች ሩሃማ ናት ቶማስ ኮቫልቺክን ላግባ ያለችው። ቶማስ ሲልቨር ስፕሪንግ የታሪክ አስተማሪ ነው፤ ወላጆቹ ከፖላንድ መጥተው ባልቲሞር ወለዱት። ዓባይነህ ልጁን ወዶታል። ችግሩ የመጣው ከጋሼ ልዑልሰገድ ነው። ዘግይተው ቢመጡም የቤተሰቡ ታላቅ ናቸው፤ የፊታውራሪ የልጅ ልጅ መሆናቸውን የማያውቅ ጎረቤት የለም። "ፈረንጅም ቢሆን ዘር አለው። ሽማግሌ ይላክ፣ ሰባት ቤት ይቁጠር" አሉ። ሰባት ቤት የሚቆጠረው ዘመዳሞች እንዳይጋቡ ነው፤ ከፖላንድ ሰው ጋር ምን ዝምድና እንደሚገኝ እሳቸው ይወቁ።

ሩሃማ የደወለችለት ኤርፖርት ቆሞ እንግዳ ሲጠብቅ ነበር።

"አባዬ፣ ጌስ ዋት! ቶማስ እኮ ነገሩን ሲሪየስሊ ያዘው። የላስት ኔሙን ኦሪጅን ሪሰርች አደረገ፣ ማፕ ሁሉ ሠርቷል! ኮቫልቺክ ማለት የብላክስሚዝ ልጅ ማለት ነው። ኢዝንት ዛት ኩል? በአማርኛ ምን ይባላል እሱ?"

ዓባይነህ ስልኩን ከጆሮው አራቀ።

"አባዬ? አለህ?"

"አለሁ። ፓሴንጀር መጣብኝ፣ እደውልልሻለሁ።"

መኪናው ባዶ ነበር። መሪውን በሁለት እጁ ይዞ ተቀመጠ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል፤ እሱ የሸሸው ነገር በፖላንድ ዞሮ መጣበት። ጋሼ ልዑልሰገድ ይህን ከሰሙ ጋብቻው አበቃለት። ደግሞ በዚያ ብቻ አይቆምም። የቀጥቃጭ ወሬ አንዴ እቤቱ ከገባ፣ ሰው መጠያየቅ ይጀምራል፤ ጌጤነሽ ታየዋለች፤ እሱም ፊቱ ይናገርበታል። ልጁን ማጣትና ሚስቱን ማጣት በአንድ ቀን መጡበት።

ቅዳሜ ዕለት የወንዙን ድልድይ ተሻግሮ ሲልቨር ስፕሪንግ ሄደ። ቶማስ ባቡር ጣቢያው አጠገብ አግዳሚ ወንበር ላይ ላፕቶፑን ይዞ ጠበቀው። "ጋሼ ዓባይነህ!" ብሎ ተነሣ፤ ሩሃማ ያስተማረችው ነው። የቀረው ንግግር በእንግሊዝኛ ሆነ።

ካርታውን ከፈተለት። ፖላንድ በቀይ ነጥብ ተሸፍናለች። ወደ መቶ ሺህ የሚጠጋ ኮቫልቺክ አለ አለው፣ ከአገሩ በጣም ብዙ ሰው ከሚጠራባቸው ስሞች አንዱ ነው፤ በዋርሶ ዙሪያና በሉብሊን በኩል ነጥቡ ይበዛል። ቀጥሎ አሜሪካን አሳየው፤ ቺካጎ፣ ዲትሮይት፣ ፔንሲልቬንያ፣ ባልቲሞር፤ ፋብሪካና ማዕድን ባለበት ሁሉ ነጥብ አለ።

"ይህ ሁሉ ያንተ ዘመድ ነው?" አለ ዓባይነህ።

"አይደለም፣ ደስ የሚለው እሱ ነው። እያንዳንዱ መንደር ቀጥቃጭ ያስፈልገው ነበር። ስለዚህ ስሙ በየመንደሩ ለብቻው በቀለ። ሀንጋሪም እንደዚሁ፣ እዚህ አገርም እንደዚሁ። ስሚዝ ማለትም ቀጥቃጭ ነው፤ የአሜሪካ አንደኛ ስም እኮ ነው። የመንደሩ ሰው እሳት እንዳይነሣበት ብሎ የቀጥቃጩን ቤት ዳር ያደርገው ነበር እንጂ..."

"የኛም ዳር ነበር" አለ ዓባይነህ።

አፉ ቀደመው። ቶማስ ቀና ብሎ አየው።

"የመንደራችን ቀጥቃጭ ማለቴ ነው" አለ ቶሎ ብሎ። ካርታውን ማየት አልቻለም፤ ቀናበት። እሱ ሲሰደብበት ያደገውን ነገር እነዚህ ሰዎች መጠሪያ አድርገው፣ ፓስፖርት ላይ አስጽፈው፣ ባሕር ተሻግረውበታል። ይህን ሁሉ አስቦ የተናገረው ግን ሌላ ነው።

"ሽማግሌዎቹ ፊት ይህን እንዳታነሣ። አያቶቼ ገበሬ ነበሩ በል።"

"ለምን? ምን አጠፉ?"

"እኛ አገር ቀጥቃጭ አይወደድም።"

"ምን አጠፉ?" አለ ቶማስ እንደገና። ለክርክር አልነበረም፤ ማወቅ ፈልጎ ነው።

ጥያቄው ከልጅነቱ ጀምሮ የዓባይነህም ነው። "ልጄን ትወዳታለህ? እንግዲያው ገበሬ በል" አለው።

ቶማስ ላፕቶፑን ቀስ ብሎ ዘጋ። "እሺ ጋሼ" አለ በአማርኛ። ዓባይነህ ወደ ቤቱ ሲነዳ ራሱን ተጠየፈ። ወንድ ልጅ ስለሌለው ሲመኝ ኖሮ፣ አንድ ሲያገኝ መጀመሪያ ያወረሰው ውሸቱን ሆነ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎቹ መጡ። ከቤተ ክርስቲያን አቶ በፈቃዱና ሁለት ጓደኞቻቸው ነበሩ፤ ከኋላቸው ቶማስ። በደንቡ ሙሽራው ከሽማግሌ ጋር አብሮ አይመጣም። ጋሼ ልዑልሰገድ ግን "የፈረንጅ ዘር ማን ይቆጥርልናል? ራሱ ቆሞ ይናገር" ብለው አስመጡት። ሩሃማ መኝታ ቤት ናት፣ በሩ ገርበብ ብሏል። ጌጤነሽ ከጠዋት ጀምሮ የሠራችው ዶሮ ወጥ ወጥ ቤት ተከድኖ ተቀምጧል፤ እሺ ካልተባለ አይቀርብም።

"ቁጭ በሉ እንጂ" አለች ጌጤነሽ።

"ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" አሉ አቶ በፈቃዱ። "ልጃችሁን ለልጃችን እንድትሰጡን መጥተናል።"

"ልጁ ከማን ነው የተወለደው?" አሉ ጋሼ ልዑልሰገድ እግራቸውን አነባብረው። "የአያቶቹስ ሥራ ምን ነበር?"

ቶማስ ወደ ዓባይነህ አየ። ዓባይነህ ዓይኑን ወደ ምንጣፉ ጣለ።

"አያቶቼ... ገበሬ ነበሩ" አለ ቶማስ፣ አማርኛውን እየቆጠረ።

ጋሼ ልዑልሰገድ ፈገግ አሉ። ፈገግታቸው ቤቱን አቀዘቀዘው። ከኪሳቸው ስልካቸውን አወጡ። "ስልክ እኔም አለኝ፣ ልጄ። ጎግል አድርጌዋለሁ። ኮቫልቺክ ማለት የቀጥቃጭ ልጅ ማለት ነው። ቀጥቃጭነቱ ሳያንስ ዋሾ!"

አቶ በፈቃዱ ደንግጠው ወደ ቶማስ ዞሩና ተረጎሙለት። ልጁ እስከ አንገቱ ቀላ። አንድ ቃል በቂ ነበር፤ ጣቱን ወደ ዓባይነህ ቢጠቁም ይበቃዋል። አልጠቆመም። እጁን አጣምሮ፣ አንገቱን ደፍቶ ስድቡን ተቀበለ።

"ሽማግሌዎች፣ ሁላችንም እንተዋወቃለን" አሉ ጋሼ ልዑልሰገድ። "የኛ አጥንት ከቀጥቃጭ ጋር ተደባልቆ አያውቅም። በሰላም ሂዱ።"

አቶ በፈቃዱ ባርኔጣቸውን አነሡ። ከመኝታ ቤቱ የሩሃማ ሳግ ተሰማ። ዓባይነህ ዝም ቢል ምስጢሩ ዳነ፤ እነዚህ ሰዎች ከበሩ እስኪወጡ ዝም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። ዝምታ ደግሞ የሚችለው ሙያ ነው። ግን የቶማስን የተደፋ አንገት አየ። አባቱ ገበያ ላይ እንደዚያ ነበር የሚቆሙት።

"ተደባልቋል፣ ጋሼ" አለ።

"ምኑ?"

"አጥንቱ።" ዓባይነህ ከመቀመጫው ተነሣ። "ልጁ እውነቱን ሊናገር ነበር፤ ገበሬ በል ብዬ ያስዋሸሁት እኔ ነኝ። አባቴ ደሳለኝ ቀጥቃጭ ነበሩ። እኔም ወናፍ ሳናፋ ነው ያደግሁት። ሩሃማ የቀጥቃጭ የልጅ ልጅ ናት።"

ሩሃማ በሩን ከፍታ ቆመች። ዓባይነህ ማንንም አላየም፤ ጌጤነሽን ብቻ ነው ያየው። ፊቷ እንደ ማያውቀው ሰው ፊት ሆኖበታል።

"ሰምተሻል?" አሉ ወንድሟ።

ጌጤነሽ ተነሥታ ወጥ ቤት ገባች። ቧንቧ ተከፈተ፣ ተዘጋ። ዓባይነህ ቦርሳዋን ይዛ ስትወጣ በሐሳቡ አያት፤ የት ሄዶ እንደሚያድርም አሰበ።

ትሪውን ይዛ ወጣች። ዶሮው ያለበት ነው። መሀል ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

"አቶ በፈቃዱ፣ ይቀመጡ" አለች። "የወለድኳት እኔ ነኝ፣ ሰጥቻለሁ።"

ጋሼ ልዑልሰገድ ካፖርታቸውን አነሡ። "እኔ ከዚህ ቤት እህል አልቀምስም።"

"እስከ ዛሬ የቀመሱትስ፣ ጋሼ?" አለች ጌጤነሽ።

በሩ ከኋላቸው ሲዘጋ ፍሬሙ ሶፋው ጀርባ ሲንቀጠቀጥ ተሰማ።

ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ፤ ቶማስም ተቀመጠ፣ ሩሃማ ሮጣ አጠገቡ። ጌጤነሽ ግን ፈገግ አላለችም። ዓባይነህ ጎን ተቀምጣ፣ እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ፣ እሱ ብቻ እንዲሰማ አድርጋ ተናገረች።

"ሠላሳ ዓመት ዋሽተኸኛል። ወንድሜ ከሚለው ይልቅ እሱ ነው ያቃጠለኝ። እንነጋገርበታለን፣ ቀላል እንዳይመስልህ።"

"አውቃለሁ" አለ።

"አሁን ግን ሰው ሁሉ እያየ አጉርሰኝ።"

አባቱ ደሳለኝ በሰው ማዕድ ሲቀርቡ አይቶ አያውቅም፤ ከሳቸው እጅ የጎረሰ የመንደር ሰውም አላየም። እንጀራውን ጠቀለለ፣ ተፈታበት፣ እንደገና ጠቀለለ። ጌጤነሽ አፏን ከፍታ ጠበቀችው፤ ከጣቱ ላይ እንጥፍጣፊውን ሳታስቀር ጎረሰች።

"ነገ ደግሞ" አለች እያላመጠች፣ "ያንን ፎቶ ትሰቅልልኛለህ።"